1·2·10፦ አንድ አሮጌ መስፍ ስንት ያወጣል?

እስቲ ከአንድ ስህተት ልጀምር። የራሴ ስህተት ስለሆነ ማንም አይቀየመኝም።

ምርምሬን በምሠራበት ወርክሾፕ ጥግ፣ ግንድ ላይ የተቀመጠ አንድ ከባድ ብረት ነበር። አንደኛው ጫፉ እንደ ቀንድ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ሌላኛው አራት ማዕዘን። ሁለት ዓመት ሙሉ ጃኬቴን የማንጠለጥለው ቀንዱ ላይ ነበር። መስፍ እንደሚባል፣ ብረት ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስቀምጦበት እንደሚመታበት አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ንብረት ክፍል የሚወገዱ ዕቃዎችን ዝርዝር ለጠፈ። ከተሰበሩ ወንበሮችና ከተቃጠሉ ሞተሮች መካከል እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ «ብረት፣ ያገለገለ፣ ብዛት 1፣ ተከታታይ ቁጥር 1210»። በጨረታ፣ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ፣ በኪሎ ሊሸጥ ነው ማለት ነው።

የወርክሾፑ አንጋፋ ቴክኒሻን ዝርዝሩን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሼ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ተከታታይ ቁጥር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ክብደቱ ነዋ!»

ግራ ገባኝ። 1210 ምን? ኪሎ ከሆነ አንድ አነስተኛ መኪና ያህላል። ግራም ከሆነ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አይበልጥም። ጋሼ ሳቅ ብለው የብረቱን ጎን በሽቦ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ቁጥሩ «1210» አልነበረም። «1 · 2 · 10» ነበር፤ በመካከሉ ነጥቦች አሉት። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ያለው እነዚያ ነጥቦች ውስጥ ነው።

ቁጥሩን እንፍታው

እንግሊዞች በድሮ ጊዜ ከባድ ዕቃ የሚመዝኑት «ሀንድረድዌይት» በሚባል መለኪያ ነበር። ስሙ «መቶ ክብደት» እንደማለት ነው። ነገር ግን አትታለሉ፤ የእንግሊዙ ሀንድረድዌይት 100 ሳይሆን 112 ፓውንድ ነው። ለምን መሰላችሁ? «ስቶን» የሚባል ሌላ መለኪያ አላቸው፤ አንዱ ስቶን 14 ፓውንድ ነው፤ ስምንት ስቶን ደግሞ 112 ፓውንድ ይሆናል።

የእንግሊዝ መስፍ ሠሪዎች ክብደቱን በሦስት ቁጥር ይቀርጹ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ሙሉ ሀንድረድዌይት ነው፤ በ112 ይባዛል። ሁለተኛው የሀንድረድዌይት ሩብ ነው፤ በ28 ይባዛል። ሦስተኛው የተረፈው ፓውንድ ነው፤ እንዳለ ይደመራል። ስለዚህ የኛ መስፍ፦

1 × 112 = 112
2 × 28 = 56
10 × 1 = 10
ድምር 178 ፓውንድ፣ ወይም ወደ 80.7 ኪሎ ግራም።

ሚዛን ላይ አወጣነው። ለአራት ተሸክመን፣ ወገባችንን ይዘን። ሚዛኑ 79.5 አለ። የጎደለችው አንድ ኪሎ ገደማ በብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ ተሸርፋና ተፈግፍጋ የሄደች ትመስለኛለች። ጠርዞቹን ብታዩአቸው ትስማማላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለተኛው ቁጥር ሩብ ስለሆነ ከ3 አይበልጥም፤ አራት ሩብ አንድ ሙሉ ነውና። ሦስተኛውም ከ27 አይበልጥም። ስለዚህ አሮጌ መስፍ ላይ ሦስት ቁጥር አይታችሁ መካከለኛው 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ከሆነ የእንግሊዝ አመዛዘን መሆኑን ጠርጥሩ።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ያገለገለ መስፍ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው «ፓውንዱ ስንት?» እየተባለ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ፓውንዱ 4 ዶላር ነው እንበል። 178 ፓውንድ 712 ዶላር ያወጣል። ነጥቦቹን ያላስተዋለ ወራሽ «121 ፓውንድ ነው» ብሎ ቢሸጠው ግን 484 ዶላር ይቀበላል። ከአያቱ የወረሰውን ዕቃ 228 ዶላር አጉድሎ ሸጠ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ማንበብ ስላልቻለ ብቻ።

ሁለት ብረት በአንድ አካል

ብሩሹ ሲቀጥል ሌሎች ፊደላትም ወጡ። ሠሪው ፒተር ራይት ነው፤ በእንግሊዝ የደድሊ ከተማ ሰው። ደድሊ የሚገኘው «ብላክ ካንትሪ» (ጥቁሩ አገር) በሚባል አካባቢ ነው፤ በሰንሰለት፣ በሚስማርና በመልሕቅ ሥራ የታወቀ፣ በድንጋይ ከሰል ጭስ የጠቆረ ምድር። ከስሙ ጎን በክብ ውስጥ «ሶሊድ ሮት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ «ሙሉ አካሉ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠራ» እንደማለት ነው።

ሙሉ አካሉ ሲባል ግን አንድ ዓይነት ብረት ነው ማለት አይደለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1856 ሄንሪ ቤሴመር አረብ ብረትን በብዛት የሚያመርትበትን ዘዴ ይፋ ከማድረጉ በፊት፣ አረብ ብረት ውድ ነበር። በትንንሽ መጠን፣ በብዙ ከሰልና ድካም ነበር የሚሠራው። 80 ኪሎ አረብ ብረት ለአንድ መስፍ ማዋል ማለት ቤት ሙሉ በወርቅ እንደመለበጥ ነበር።

ስለዚህ ሠሪዎቹ ብልህ መፍትሔ ነበራቸው። አካሉን ለስለስ ካለውና ከርካሹ ብረት ይሠሩና፣ መዶሻ የሚያርፍበትን ፊት ብቻ በስስ አረብ ብረት ያለብሱታል። በዛሬው ብየዳ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱንም ነጭ እስኪሆኑ አግለው፣ አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጠው በመምታት ያዋህዷቸዋል። በሸፊልድ የነበረው «ማውስሆል ፎርጅ» (የአይጥ ጉድጓድ ቀጥቃጭ ቤት እንበለው) ለዚህ ዓይነት ሥራ በወንዝ ውሃ የሚሽከረከር መዘውር ይጠቀም ነበር።

ከዚያ ፊቱ መጠንከር አለበት። አረብ ብረት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ውስጡ ያለው ካርቦን ለመውጣት ጊዜ ያጣል። እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። በዚህም «ማርቴንሳይት» የሚባል በጣም ጠንካራ መዋቅር ይፈጠራል። ችግሩ መስፍ ትልቅ መሆኑ ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት በዙሪያው የእንፋሎት ካባ ይለብስና ውሃው ብረቱን መንካት ያቅተዋል፤ ከሥር ያለው ግለትም መልሶ ፊቱን ያሞቀዋል። ስለዚህ ብዙ ውሃ፣ ሳያቋርጥ፣ በኃይል መፍሰስ ነበረበት። ዛሬ አንድን አሮጌ መስፍ ስትገዙ በዋናነት የምትገዙት ይህችን የፊት ንጣፍ ነው። ውፍረቷ በአንድ ጣት አካባቢ ነው። የቀረው ድጋፍ ነው።

አሜሪካኖቹስ?

አሜሪካ ለረጅም ጊዜ መስፍ ከእንግሊዝ ነበር የምታስመጣው። ማርክ ፊሸር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1847 አዲስ ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። አረብ ብረቱን ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አስቀድሞ፣ የቀለጠ ካስት አይረን በላዩ ላይ በማፍሰስ ሁለቱን ማዋሃድ። በኋላ ፋብሪካው ኒው ጀርሲ ውስጥ በትሬንተን ከተማ ተቋቋመ፤ ምልክቱም ንስር ነበር። የፊሸር መስፍ ሲመታ አይጮህም። ካስት አይረን ውስጥ ያለው ግራፋይት ንዝረቱን ስለሚውጠው ነው።

ብሩክሊን ውስጥ ደግሞ «ሄይ-በደን» የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ክብደቱን በቀጥታ በፓውንድ ይጽፋል። ፊሸር ደግሞ እግሩ ላይ አሥሮቹን ብቻ ይጽፋል፤ 15 ካለ 150 ፓውንድ ገደማ ነው። አያችሁ? ሦስት ሠሪ፣ ሦስት አጻጻፍ። «ትሬንተን» የሚል ስም ያለበት መስፍ ካገኛችሁም አትቸኩሉ፤ ያ የንግድ ስም ነው፤ አብዛኛው የተሠራው በትሬንተን ከተማ ሳይሆን በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ነው። ሪቻርድ ፖስትማን የተባለ ሰው ይህን ሁሉ ለቅሞ ስለ አሜሪካ መስፎች ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። ዛሬ ሻጭም ገዢም የመስፍን ዕድሜ ከተከታታይ ቁጥሩ ለማወቅ ወደዚያ መጽሐፍ ነው የሚሮጠው።

ጆሮና ኳስ

ጋሼ ትንሽ መዶሻ አነሱና መስፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ አደረጉት። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጠራ። «ደህና ነው» አሉና መዶሻውን አስቀመጡ። አለቀ።

እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ፤ ቁጥር እፈልጋለሁ። ከአሮጌ ኩሽኔታ አንድ የብረት ኳስ አውጥቼ ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለቀቅኩት። መስፉ መካከል ላይ 20.5 ሴንቲ ሜትር ነጥሮ ተመለሰ፤ 82 በመቶ ማለት ነው። ወደ ተረከዙ ጠርዝ ስሄድ 18 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ 72 በመቶ።

ይህ ምን ይነግረናል? ፊቱ ጠንካራ ከሆነ ኳሱ ሲያርፍበት እንደ ስፕሪንግ ይጨመቅና ጉልበቱን ይመልስለታል። ለስላሳ ከሆነ ትንሽ ይሰረጉድና ጉልበቱን ይውጠዋል። የከፍታው ንጽጽር የጉልበት ንጽጽር ነው። የፍጥነቱን ለማወቅ ስኩዌር ሩት ውሰዱ፤ የ0.82 ስኩዌር ሩት 0.91 ገደማ ነው። ኳሱ በመጣበት ፍጥነት 91 በመቶ ተመለሰ ማለት ነው። ለመቶ ዓመት አካባቢ ለሆነው ሽማግሌ መጥፎ አይደለም!

ሁለቱ ፈተናዎች የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ድምፅ ስንጥቅን ያጋልጣል፤ የፊቱ ንጣፍ ከአካሉ ከተላቀቀ ድምፁ እንደተሰነጠቀ ገንቦ ይሆናል። ኳስ ደግሞ ጥንካሬን ይለካል። ድምፅ ብቻ ብታምኑ ጥሩውን ፊሸር «ዲዳ ነው» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

ኳሱ የሚያጋልጠው ሌላም ነገር አለ፦ ቃጠሎ። የጠነከረ አረብ ብረት ከ200 ዲግሪ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጥንካሬውን ያጣል፤ 600 ሲደርስ አብዛኛው ይሄዳል። የቤት ቃጠሎ ይህን ያህል በቀላሉ ይሞቃል። ስለዚህ በተቃጠለ ጋራዥ ውስጥ የነበረ መስፍ በዓይን ምንም ሳይጎድልበት ውስጡ ሊሞት ይችላል። ቀለም ተቀብቶ ገበያ ሲቀርብ ዓይን ይታለላል፤ ኳስ ግን አይታለልም።

ክብደት ሁሌ ዋጋ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። የጋለ ብረት ሲመታ እንደ ሊጥ ይለጠጣል እንጂ አይነጥርም። በዚህ ቀላል ግምት ከመዶሻው ጉልበት ብረቱን ለመለወጥ የሚውለው ድርሻ የመስፉ ክብደት ለመስፉና ለመዶሻው ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው። የቀረው መስፉን ለማንቀሳቀስ ይባክናል።

በ1 ኪሎ መዶሻ፦ 20 ኪሎ መስፍ 95 በመቶ፣ 80 ኪሎ መስፍ 99 በመቶ ገደማ።
በ5 ኪሎ መዶሻ፦ 20 ኪሎ መስፍ 80 በመቶ፣ 80 ኪሎ መስፍ 94 በመቶ፣ 160 ኪሎ መስፍ 97 በመቶ።

ምን አስተዋላችሁ? ቢላዋ ለሚሠራ ሰው ትንሽ መስፍም ይበቃዋል። ማረሻ በከባድ መዶሻ ለሚቀጠቅጥ ግን ከ20 ወደ 80 መሄድ ትልቅ ለውጥ ነው። ከ80 ወደ 160 መሄድ ግን የሚጨምረው ሦስት በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ «የከበደ ሁሉ ይሻላል» የሚለው የሻጭ ቋንቋ ነው። ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን እንደሚሠራበት ነው።

ዋጋው ወደቀ፣ ዋጋው ተነሳ

አሁን ወደ ታሪኩ ልብ እንግባ። መስፍ በአንድ ዘመን በየመንደሩ ነበር። ፈረስ ባለበት ጫማ ሠሪ ብረት ቀጥቃጭ አለ፤ ቀጥቃጭ ባለበት መስፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ፎርድ ከ15 ሚሊዮን በላይ «ሞዴል ቲ» መኪኖች ሠራ። ፈረሱ ቀስ በቀስ ከመንገድ ወጣ፤ ትራክተርም ከእርሻው አስወጣው። ቀጥቃጩ ወይ ጋራዥ ከፈተ፣ ወይ ዘጋ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ቁርጥራጭ ብረት በዘመቻ ሲሰበሰብ ስንት መስፍ ወደ እቶን ገባ! አስቡት፤ ያቺ በብዙ ውሃና በብዙ ክንድ የጠነከረች ፊት ከአሮጌ የአልጋ ሽቦ ጋር በአንድ ሚዛን ተመዘነች።

ጥበቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1973 የሰሜን አሜሪካ ጥበበኛ ብረት ቀጥቃጮች ማኅበር ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቀጥቃጮች የሚወዳደሩበት «ፎርጅድ ኢን ፋየር» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረ፤ ብዙ ወጣት መዶሻ ማንሳት አማረው። ፈላጊ በዛ፤ አሮጌዎቹ መስፎች ደግሞ እንደ አዲስ አይወለዱም። ብረቱ ያው ነው፤ ኳሱም ያው ነው የሚነጥረው። የተለወጠው የሚያውቀውና የሚፈልገው ሰው ቁጥር ነው።

ሻጭ የሚያጠፋው ጥፋት

ብዙ ሻጭ መስፉን የሚያበላሸው ሊያሳምረው ሲል ነው። መካከሉ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤ ማሽን ላይ አውጥቶ ፊቱን ልክ እንደ መስታወት ያስልጠዋል። ያቺ አንድ ጣት የምታህል ንጣፍ ሳሳች ማለት ነው! መካከሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ሊወጣም ይችላል። ሌላው ደግሞ የተሸረፈውን ጠርዝ በኤሌክትሪክ ይበይዳል፤ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ጥንካሬ ይገድለዋል፤ ሳይሞቅ ከተበየደም ይሰነጠቃል። ትንሽ ጎድጎድ ማለትማ ለቀጥቃጭ ጉዳት አይደለም፤ የጠመመ ብረት ለማቅናት እንዲያውም ይመቻል። ስለዚህ የሚሸጥ ካላችሁ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ዘይት ቀቡ፣ ጽሑፉን ፎቶ አንሱ፣ ኳሱ ሲነጥር በቪዲዮ ቅረጹ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ።

ምናለሽ ተራ ያለው ሀዲድ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ብረት ቀጥቃጮቹ ከበርሜልና ከአሮጌ መኪና ብረት ምድጃውን፣ ምጣዱን፣ ማረሻውን ሲያወጡ እንደ መስፍ የሚያገለግላቸው ብዙ ጊዜ የሀዲድ ቁራጭ ነው። ከድህነት የመጣ ማስመሰያ አይደለም፤ የሀዲድ ብረት ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ የባቡር ጎማ የሚችል አረብ ብረት ነው። ብልሃቱ አቀማመጡ ላይ ነው። አጋድማችሁት ብትመቱ ቀጭኑ ወገቡ ይወዛወዛል። አቁማችሁት ግንድ ውስጥ ብትቀብሩት ግን ክብደቱ በሙሉ ከመዶሻው ሥር ይሆናል። ከላይ የሠራነው ሂሳብ የሚሠራው ያኔ ነው።

እነዚህን ሰዎች አገራችን ለረጅም ዘመን «ባለእጅ» እያለች ስታሳንስ፣ «ቡዳ» እያለች ስትፈራ ኖራለች። አፄ ምኒልክ ባለሙያን መሳደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። መሣሪያውን «ብረት፣ ያገለገለ፣ ብዛት 1» ብለን ስንጽፍ፣ ያ አሮጌ ንቀት በሌላ ቋንቋ እየተናገረ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ጋሼ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔን ጨምሮ።

የኛው መስፍ

የጋሼን ዕውቀትና የኔን ኳስ አንድ ገጽ ላይ አድርገን ለንብረት ክፍል አስገባን፦ ክብደቱ፣ ሠሪው፣ የነጠረበት በመቶኛ፣ ለተማሪዎች የተግባር ትምህርት እንደሚያገለግል። ጨረታው ሦስት ቀን ሲቀረው ከዝርዝሩ ወጣ። አዲሱ ምዝገባ «መስፍ፣ ክብደት 1·2·10 (80.7 ኪ.ግ.)፣ አገልግሎት ላይ ያለ» ይላል። ነጥቦቹ እንዳይዘለሉ ጋሼ ራሳቸው ጸሐፊዋ አጠገብ ቆመው አስጻፏት።

ጃኬቴን አሁን ግድግዳው ላይ ነው የምሰቅለው። እናንተም እስቲ በትምህርት ቤታችሁ ወርክሾፕ ወይም በሰፈራችሁ ቀጥቃጭ ቤት ያለውን መስፍ ሄዳችሁ እዩት፤ ጎኑን ጠረግ አድርጉት። ኳስ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። ምናልባት ኳሱን ሳትለቁ መልሱን ይነግሯችኋል።